አድባርና አፍላግ በስማቸው

የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን በልቡ ሲከፍል አስቀድሞ የሚያየው አየሩንና ዘሩን ነው፤ የአውራጃና የወረዳ ወሰን ከዚያ በኋላ ይመጣል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚባሉት አምስቱ ስሞች ዛሬ በትምህርት መጻሕፍት በሜትር እየተለኩ፣ ቆላው ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋው እስከ 2,300፣ ደጋው እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ቢጻፍላቸውም፣ የሜትር ልክ ወደ አገራችን ከመግባቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ሕዝቡ ሲናገርባቸውና ሲያርስባቸው የኖሩ ስሞች ናቸው፤ ልካቸውንም የሚወስነው ማሽላው እስከ የት ድረስ እንደሚያፈራ፣ ጤፉ ከየት ጀምሮ እንደሚያምር፣ ከየትኛውስ ከፍታ በላይ ገብስ ብቻ እንደሚጸና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት ነበር። ስለዚህም በተዳፋት ላይ የተቀመጠ አንድ መንደር ከበላዩ ለሚኖረው ደገኛ ቆላ፣ ከበታቹ ለሚኖረው ቆለኛ ደግሞ ደጋ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ኦሮሞው ይህንኑ ሥርዓት ባዳ፣ ባዳ ዳሬ፣ ገሞጂ ሲለው፣ የትግርኛ ተናጋሪው ደጉዓና ቆላ ይለዋል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ተራራውን ከግርጌ እስከ ራስጌ ያነበቡበት ዓይን አንድ ነው።

በአገራችን የቦታ ስም በአደባባይ ማከራከር ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ክርክሩ የሚያተኩረው ስሙን ማን አወጣው፣ የማንስ ስም ይጽና በሚለው ላይ ሲሆን፣ ይህም ፍትሕ የሚሻ እውነተኛ ጥያቄ መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ዳሩ ግን በዚህ ጥያቄ ግርግር ውስጥ ተሸፍኖ የሚቀር፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ስሙ ስለ ምድሩ በውስጡ የያዘው ዕውቀት ነው።

ከፍታን በመጥራት ረገድ የአማርኛ ሀብት ሰፊ ነው። ጋራው፣ ኮረብታው፣ ጉብታው፣ ተረተሩ እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ አለው፤ የሰሜኑን አገር መልክ ከሁሉም አብልጦ የሚገልጸው ግን አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫውም ጥቂት ጠባብ በር ብቻ የሆነ ተራራ። የጥንት ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጉ ዘመዶቻቸውን በአምባ ግሸን ሲያስጠብቁ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም መቅደላን የመጨረሻ ምሽጋቸው ሲያደርጉ፣ ስሙ አስቀድሞ የተናገረውን ነገር በሥራ ማዋላቸው ነበር። ግእዝ በበኩሉ ተራራን ደብር፣ ሲበዛም አድባር ይለዋል። ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በከፍታ ላይ ስለሚተከሉ ደብር የሚለው ቃል ከተራራው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሻገረ፤ አድባርም ወደ አማርኛ ሲገባ መንደሩን ይጠብቃል ለሚባለው መንፈስና ሽማግሌዎች ከሥሩ ለሚቀመጡበት ትልቅ ዛፍ መጠሪያ ሆነ። በአንድ ሥርወ ቃል ውስጥ ድንጋዩ፣ መቅደሱና የዛፉ ጥላ አብረው መገኘታቸው፣ ይህ ሕዝብ ከፍ ያለውን ቦታ ያለ አክብሮት አይቶት እንደማያውቅ ይመሰክራል።

ቤተ ክርስቲያን ምድሩን ስትሰይም ደግሞ የምታነበው ቅዱሳት መጻሕፍትን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ከሚወጡት አራት አፍላግ፣ ማለት ወንዞች፣ ግዮን የተባለው የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል ተብሎ ስለ ተጻፈ ሊቃውንቱ ዓባይን ግዮን አሉት፤ ምንጩም በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ፣ ጸበል ሆኖ ይከበራል። በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ደብረ ሲናና ደብረ ታቦርም በገዛ ምድራችን ላይ ቆመዋል። ይህ አሰያየም ስለ ድንጋዩና ስለ አፈሩ የሚነግረን ነገር የለም፤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም አቅሙ ለማይፈቅድለት ምእመን ግን ቅድስቲቱን ምድር እስከ ደጃፉ ያቀርብለታልና፣ የመንፈስ መልክዐ ምድር ልንለው እንችላለን።

ይኸው ልማድ ከገዳም ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ጽሕፈት ቤት በገባ ጊዜ ግን ሌላ ሥራ ሠራ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት፣ አምቦም ሀገረ ሕይወት ተብለው ነበር፤ ዛሬ ሦስቱም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። መነኩሴው ባዶውን ተራራ በቅዱስ ስም ሲጠራ ይባርከዋል፤ ጸሐፊው ግን ስም ባለው ከተማ ላይ ሌላ ስም ሲጭን፣ የስሙ ቅድስና የቱንም ያህል ቢሆን፣ ከሥሩ የነበረውን ይሸፍነዋል። በቢሾፍቱ ዙሪያ እሳተ ገሞራ የፈነቀላቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ሐይቅ ሆነው ይታያሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ሆራ ነው። ሆራ በኦሮምኛ ለከብት ጤና የሚሆነው ማዕድናም ውሃ ሲሆን፣ ከመስቀል በኋላ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በሆራ አርሰዲ ዳር ኢሬቻን ያከብራል። የአርብቶ አደሩ ታሪክ፣ የውሃው ጠባይና የምስጋናው ሥርዓት በዚያች አጭር ስም ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ደብረ ዘይት የሚለው ስም የሚያመለክተው በኢየሩሳሌም ያለውን ተራራ ብቻ ነበር።

የሐረማያ ነገር ከዚህም ይልቅ ልብ ይነካል። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በሐረር አጠገብ ያለው ይህ ስፍራ ስሙን ያገኘው ከሐይቁ ነው፤ ስሙ የሚጀምርበት ቃል ራሱ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነውና። በአማርኛ ጽሕፈት ግን ስሙ ዓለማያ ተብሎ ለረጅም ዘመን ቆየ፤ የእርሻ ኮሌጁም በዚሁ ስም ታወቀ፤ ዓለም የሚለውን የሚያነብ ሰው በስሙ ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚያው ዘመን የሐረር ከተማ ከሐይቁ ትጠጣ፣ የጫቱና የአትክልቱ እርሻ በሞተር ይስበው፣ ደለሉም ከየተዳፋቱ እየታጠበ ይሞላው ነበርና፣ ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ በመጨረሻ ደረቀ። በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሐረማያ ተብሎ ሲሰየም ስሙ ወደ ሐይቁ ተመለሰ፤ ሐይቁ ግን በዚያን ጊዜ የደረቀ ሜዳ ነበር። በስሙ መበላሸት ሐይቁ ደረቀ ብዬ አልከራከርም፤ የደረቀበት ምክንያት ከዚህ በላይ ተነግሯል። ነገር ግን በየዕለቱ ሐይቅ ብሎ የሚጠራውን ነገር ሲጎድል ያየ ሰው፣ የስሙን ትርጉም ካጣው ሰው ቀድሞ ይደነግጣል ብዬ አምናለሁ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ለአገሩ ሰው ትልቅ ደስታ ሆኗል።

ከባሕር ማዶ የመጡ ተጓዦች ያደረጉትን በአጭሩ ልናገር። ሳሙኤል ቴለኪ የተባለው የሃንጋሪ ባላባት በ1888 እ.ኤ.አ. በደቡብ ያለውን ትልቁን ሐይቅ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሩዶልፍ፣ ጎረቤቱን ጨው ባሕርን ደግሞ በልዑሉ ሚስት በስቴፋኒ ስም ጠራቸው። ቀጥሎም ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ዓባያን በንግሥቲቱ በማርጌሪታ ሰየመው። ከእነዚህ መሳፍንት አንዳቸውም ሐይቆቹን አላዩዋቸውም፤ የአውሮፓ ካርታዎች ግን ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ጠሯቸው። የኬንያ መንግሥት በ1975 እ.ኤ.አ. ሩዶልፍን ቱርካና ብሎ በዳሩ በሚኖረው ሕዝብ ስም ጠራው። ጨው ባሕር የሚለው ስም ለመንገደኛው ይህን ውሃ አትጠጣ ይለዋል፤ ስቴፋኒ የሚለው ስም ምን ይለዋል?

በቆላው አገር የስም ዕውቀት የሕይወትና የሞት ነገር ይሆናል። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውን ውሃ ወቢ፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚወርደውን ደግሞ ቱግ ብሎ ይለያል፤ የእኛ ካርታ ግን ሁለቱንም ወንዝ ብሎ ይጽፋል፤ ይባስ ብሎም ወቢ ሸበሌ ወንዝ ይላል። ደጋ ላደገ ሰው ወንዝ ማለት ውሃ የማይለየው ነገር ስለሆነ፣ ደረቁን አሸዋ ሲያይ ወንዝ መሆኑ አይታየውም፤ ቤት ይሠራበታል፣ ገበያ ያቆምበታል። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ነፍሳትን ወስዷል። ወደ ደቡብ ስንወርድ ቦረና የውሃ ጉድጓዱን ኤላ ይለዋል፤ ጥልቆቹን ዘጠኝ ቱላዎች በየስማቸው ያውቃል፤ በተራ የሚያጠጣውም ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ጉባኤ ሰብስቦ የቦታ ስሞች አጻጻፍ በየአገሩ ሥርዓት እንዲይዝ መክሯል። ከዚያም ወዲህ አውስትራሊያ በ1993 እ.ኤ.አ. ትልቁን ቀይ አለት በጥንታዊ ባለቤቶቹ ስም ኡሉሩ ብላ ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ጎን ለጎን ጻፈችው፤ ኒው ዚላንድም በ1998 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ተራራዋን ከእንግሊዝኛው ስም ጋር አኦራኪ ብላ በሕግ ጠራችው። እኛም ፊንፊኔና አዲስ አበባ የሚሉት ስሞች ሲያከራክሩን፣ በዚያች ምድር ውስጥ የሚፈላውን ውሃ ኦሮምኛው ፊንፊኔ፣ አማርኛው ፍል ውሃ ብሎ መጥራቱን፣ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን በዚያው ውሃ አጠገብ መሰየማቸውን አንድ ላይ ብንጽፍ ማንም የሚያጣው ነገር የለም። የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤታችን ስም ሲመዘግብ ከስሙ አጠገብ ቋንቋውን፣ ትርጉሙንና ውሃው በየትኛው ወር እንደሚፈስ የሚጻፍበት ዓምድ ይክፈት፤ መዝጋቢውም ለሐይቁ ዓሣ አጥማጁን፣ ለጸበሉ ደብተራውን፣ ለቱላው አባ ሄሬጋውን፣ ለደቻቱም በዳሩ ያረጁትን እናቶች ይጠይቅ፤ የነገሩትንም በየቋንቋቸው ድምፅ እንደሰማው ይጻፍ።