የፊት ገጽታን የሚተነትኑ መተግበሪያዎች በፀጉር ሥራ ቤቶች፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአሁኑ ወቅት ለደንበኛው የሚስማማውን የፀጉር አሠራር እንመርጣለን የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ሊጫኑ ይችላሉ። በመሆኑም በደብረ ታቦር፣ በአዲስ ዘመንም ሆነ በይፋግ ለሠርግ ወይም ለበዓል ፀጉሩን ለመሠራት የሚሄድ ተገልጋይ፣ ከሥራው በፊት ፊቱን በካሜራ እንዲያስነሳ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ ውስንነቱንና የተገልጋዩን መብት ያብራራል።

አሠራሩ

መተግበሪያው በፎቶው ላይ የዓይንን፣ የአፍንጫን፣ የግንባርንና የአገጭን ቦታ በነጥቦች ይለያል። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በማነጻጸር ፊቱን ሞላላ፣ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ብሎ ይመድባል፤ ለምድቡ የተዘጋጁ የፀጉር አሠራሮችንም በምስል ያሳያል። ብዙ ጊዜ ስሌቱ የሚከናወነው በስልኩ ላይ ሳይሆን በሌላ አገር በሚገኝ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ፎቶው ከፀጉር ቤቱ ይወጣል።

ውስንነቱ

የፊት ትንተና ውጤት የሚወሰነው ሥርዓቱ በተማረባቸው ፎቶዎች ነው። ተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ እና የአዲስ አበባ ተወላጇ ዶክተር ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ፆታን ከፊት የሚለዩ ሦስት የንግድ ሥርዓቶችን ፈትሸዋል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ጥናቱ ስለ ፀጉር ባይሆንም፣ ለአንዱ በትክክል የሠራ ሥርዓት ለሌላው ሊሳሳት እንደሚችል ያሳያል።

ከዚህም በላይ የፊት ቅርጽ ልኬት ስለ ራስ ቆዳ ጤንነት አይናገርም። አጥብቆ የተሠራ ሹሩባ በጊዜ ብዛት የግንባር ዳር ፀጉርን ሊያሳሳ ይችላል፤ የማለስለሻ ኬሚካልም ቆዳን ሊያቆስል ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያየው በእጁ ዳስሶ የሚመረምር ባለሙያ ነው።

የተገልጋዩ መብት

በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት፣ ሰውን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ባዮሜትሪክ ዳታ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የግል ዳታዎች አንዱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፣ ፊት ግን አይለወጥም። ባለ ዳታው ዳታው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅ፣ የሰጠውን ፈቃድ የማንሳትና ዳታው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው።

በትንንሽ ከተሞች ባለሙያውና ደንበኛው ስለሚተዋወቁ፣ ፎቶ አልነሳም ማለት ይሉኝታ ሊያስከትል ይችላል። ይሁን እንጂ በይሉኝታ የተሰጠ እሺታ እንደ ነፃ ፈቃድ ሊታይ አይገባም። ባለሙያውም ቢሆን ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ላያውቅ ስለሚችል፣ ጥያቄው ሁለቱንም ይጠቅማል።

ከመነሳትዎ በፊት

1. የመተግበሪያውን ስም፣ ፎቶው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ ይጠይቁ።
2. አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ፎቶ ሳይነሱ እንዲሠሩልዎ ይንገሩ።
3. የፋይዳ ቁጥርዎን አይስጡ፤ ለፀጉር ሥራ አያስፈልግም።
4. ፎቶዎ ለማስታወቂያ እንዲውል ከተጠየቁ፣ ጉዳዩን ከምክር አገልግሎቱ ለይተው ይወስኑ።
5. የልጆችን ፊት ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አያስነሱ።

ፎቶዎ ያለ ፈቃድዎ ጥቅም ላይ ከዋለ፣ በመጀመሪያ ለፀጉር ቤቱ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ይያዙ። መፍትሔ ካላገኙ፣ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።