የቢላችን ስለት ለምን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል?

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የበዓል ዋዜማ ተረኛ የሆነ ሁሉ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ከቀትር በኋላ ጣታቸውን በፎጣ ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች አይጠፉም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስንል የአብዛኞቹ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቢላው አልቆርጥ ሲለኝ ብጫነው አዳለጠኝ።» ስለቱ ጥሩ የሆነ ቢላ የሽንኩርቱን ልጣጭ ሳይጫኑት ይይዛል። የዶለዶመው ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ካለፈ ደግሞ ማረፊያው ጣት ነው። እንደኔ ዕድሜው ገፍቶ ጣቱን ቁርጥማት ለሚይዘው ሰው ዶልዱም ቢላ ድርብ ጠላት ነው።

በእኛ ቤት ቢላ መሳል የባለቤቴ ሥራ ነበር። የበዓል ሰሞን በረንዳ ላይ ድንጋዩን አስቀምጦ የእኛን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ይስል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም አይቶታል፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አይደለም፤ ቡና ሲይዝ ግን ስኒው ይንኳኳል። በነጻ እጅ ቢላ መሳል ማለት የቢላውን ዘንበል ማለት በእጅ አንጓ መጠበቅ ማለት ነው፤ አንጓ ካልታዘዘ ስለት አይወጣም። ባለቤቴ ምንም አላለም። ብቻ ጎረቤት ቢላ ይዞ ሲመጣ ወደ ጓዳ መግባት አበዛ።

አሜሪካ ያለችው ልጃችን ይህን ሰምታ መሪ ያለው መሳያ ላከችለት። ዕቃው ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። ቢላውን በጀርባው በኩል የሚይዝ መቆንጠጫ አለው፤ መቆንጠጫው ላይ ቀዳዳዎች የተበጁበት ብረት ይነሳል፤ ድንጋዩ የታሰረበት ቀጭን ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የእጅ ድርሻ መግፋትና መሳብ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን የሚጠብቀው ቀዳዳው ነው። ላንስኪ በሚባለው የታወቀ ዓይነት ላይ ቀዳዳዎቹ 17፣ 20፣ 25 እና 30 ዲግሪ ናቸው። የእኛ የሌላ ፋብሪካ ነው፤ አሠራሩ ያው ነው። ለሽንኩርትና ለጎመን 20ን፣ ዶሮ ለሚገነጠልበት ቢላ 25ን እንጠቀማለን። ቁጥሩ የአንዱን ጎን ብቻ የሚናገር ነው፤ ሁለቱ ጎን ሲደመር 40 ወይም 50 ይሆናል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሳለው ቢላ ይቆርጣል፤ ባለቤቴ ግን ወደ መስኮቱ አዙሮ እያገላበጠ አልተደሰተም። ከቢላው ጎን ወደ ስለቱ የምትወርደው አንጸባራቂ ተዳፋት በቀኝ ሰፊ፣ በግራ ጠባብ ሆናለች። እንዲህ ያለ ቢላ መልኩ ብቻ አይደለም የሚከፋው፤ ድንች ሲከፍሉበት ወደ አንድ ጎን ይስባል። «እጄ ነው» አለና ዕቃውን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

እጁ አልነበረም። ዋናው ምክንያት የቢላው አያያዝ ነው። ብዙ የወጥ ቤት ቢላ ከጀርባው ወፍሮ ወደ ስለቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ የመቆንጠጫው ሁለት መንጋጋዎች ግን ጠፍጣፋ ናቸው። በደንብ ካልገጠሙ ቢላው በጥቂቱ ይጋደማል። 3 ዲግሪ ብቻ ቢጋደም 20 ላይ አለ ያልነው ቢላ በአንድ ጎን 17፣ በሌላው 23 ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ስለቱ መሃል ላይ ቢሆን እንኳ የአንዱ ጎን ተዳፋት ከሌላው በሲሶ ያህል ይሰፋል። እጁ እንደ ድንጋይ የረጋ ሰው ቢስለውም ያው ነው።

ስለዚህ የፊተኛውን ብሎን በቢላው ውፍረት ልክ በጣት ማጥበቅ፣ ከዚያ የኋለኛውን ማጥበቅ፣ ቀጥሎም ዓይንን ዝቅ አድርጎ መንጋጋዎቹ በሁለቱም በኩል እኩል መግጠማቸውን ማየት ያስፈልጋል። ቢላው አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ ጀርባው ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። እኛ ቤት የተለጠፈው የቁስል ፕላስተር ነው፤ የነርስ ቤት ሌላ ምን ይገኝበታል! ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ካሰመሩ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ቦታ ለመያዝ ምልክት ይሆናል። ቦታው ከተለወጠ ማዕዘኑም ይለወጣል።

ርዝመትም አለ። ዘንጉ የሚነሳው ከአንድ ቀዳዳ ስለሆነ ድንጋዩ ከመቆንጠጫው በራቀ ቁጥር ማዕዘኑ እያነሰ፣ ተዳፋቱ እየሰፋ ይሄዳል። ረጅሙን ቢላ በአንድ አያያዝ ለመጨረስ አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ወደ እጀታው፣ ቀጥሎ ወደ ጫፉ አስጠግተው ይያዙት።

ማዕዘኑ ከቢላው ጋር መግጠሙን ለማወቅ ተዳፋቱን በማርከር ያጥቁሩትና ድንጋዩን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው ያሳልፉት። ቀለሙ ከላይ፣ ከስለቱ ርቆ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል። ስለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል። ከላይ እስከ ታች ከለቀቀ ልክ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መቼ ይገለበጥ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የድሮ ሙያዬ ጠቀመኝ። መርፌ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ከመለመዱ በፊት መርፌውም የመስታወት ስሪንጁም እየተቀቀለ ነበር የሚሠራበት። የመርፌ ጫፍ ሲደጋገም ይቀለበሳል። ዓይን የማያየውን ቅልባሽ ለማወቅ ጫፉን በጥጥ ላይ ማሳለፍ ነው፤ ጥጡን ከያዘ በድንጋይ ይሳላል ወይም ይጣላል። ያልታየ ቅልባሽ የሚያመው በሽተኛውን ነው።

ቢላም እንዲሁ ነው። አንዱ ጎን ሲሳል ስለቱ ጋ ያለው ብረት እንደ ጸጉር ቀጥኖ ወደ ማዶ ይታጠፋል። ጥጥ ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ በማዶው ጎን ላይ በቀስታ ሲያሳልፉ ክሩ ይያዛል። ከእጀታው እስከ ጫፉ በሁሉም ቦታ ከያዘ ያ ጎን አልቋል፤ ይገለበጣል። ግማሹ ላይ ብቻ ከያዘ ገና ነው። «በዚህ ጎን 20፣ በዚያ ጎን 20 ጊዜ» የሚሉ ብዙ ናቸው። በእኔ እምነት ቆጠራ የሚጠቅመው በመጨረሻ፣ በለስላሳው ድንጋይ ነው፤ በየጎኑ 10፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 1 እያሉ፣ ግፊቱንም እየቀነሱ ጸጉሩ እስኪጠፋ። ሲጀመር ተዛብቶ የመጣ ቢላ ግን በእኩል ቁጥር ቢስሉት መዛባቱን ይዞ ይቀጥላል። መቆንጠጫው ከተስተካከለ በኋላ ጠባቡን ጎን ማብዛት ነው፤ ጠባቡ እየሰፋ፣ ሰፊው እየጠበበ ይሄዳል። ጉልበት አያስፈልግም፤ የእጅ ክብደት ይበቃል። ሻካራው ድንጋይ ላይ መጫን ብረቱን ይጨርሳል እንጂ ሥራውን አያፋጥንም።

በመንገድ የሚዞሩትን ሳዮች ማማት አልፈልግም፤ ጎበዞች አሉ። ነገር ግን የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ቀጭን ብረት ያግላል። ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ከተመለሰልዎ ጥንካሬውን አጥቷል፤ የተሳለ ቢመስልም ቶሎ ይዶለዱማል።

ባለቤቴን ማሳመን የቻለው ጥጡ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠም ጥጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዝ በዓይኑ አየ፤ በሌላው ጎንም እንዲሁ። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ በረንዳው ላይ 11 ቢላ ተደርድሮ ነበር፤ የእኛ ሁለቱ ብቻ ናቸው። «ጋሼ፣ የኔን አስቀድሙልኝ» ባዩ በዝቶ ነበር።

ቤት ውስጥ ስንሞክረው የምንጠነቀቀው ጥቂት ነገር አለ። ስለቱን በአውራ ጣት አይፈትኑ፤ ወረቀት ወይም የቲማቲም ልጣጭ ይበቃል። ሲጠርጉት ጨርቁ ከጀርባው ወደ ስለቱ ይሂድ። ከድንጋዩ የወጣው የብረት ዱቄት ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ቢላው በሳሙና ይታጠብ። ከተቆረጡ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው 10 ደቂቃ ሳይገልጡ ይጫኑት፤ ደሙ ካልቆመ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቢላው የተሳለ ዕለት ደግሞ ለቤቱ ሰው ሁሉ ይነገር። በዶልዱም ቢላ መጫን የለመደ እጅ በዚያው ጉልበት ስለታሙን ሲይዝ ነው የሚቆረጠው። እኛ እጀታው ላይ ቀይ ክር እናስራለን፤ ክሩን ያየ ሁሉ ቀስ ይላል፤ የልጅ ልጆቼ ጨርሶ አይነኩትም።