ሞኖኑክሊዮሲስ፦ ቶንሲል የሚመስለው የቫይረስ በሽታ

ሞኖኑክሊዮሲስ በአብዛኛው ኤፕስታይን-ባር በተባለ ቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው ከተመራማሪዎቹ ከአንቶኒ ኤፕስታይንና ከኢቮን ባር ነው። በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ በመሆኑ፣ በመሳሳም እንዲሁም መጠጫና ማንኪያ በመጋራት ሊዛመት ይችላል።

ቫይረሱ በልጅነት ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚታይ ምልክት አይኖረውም። በወጣትነት ዕድሜ ሲይዝ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳት፣ ብርቱ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገት ንፍፊትና ከፍተኛ ድካም ሊያስከትል ይችላል።

ምልክቶቹ ከቶንሲል ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ በሽታውን ለመለየት የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አያጠፋም፤ አሞክሲሲሊን በወሰዱ ሕሙማን ላይም የቆዳ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ አይገባም።

በሽታው ጣፊያን ሊያሳብጥ ይችላል። ያበጠ ጣፊያ በምት ወይም በከባድ እንቅስቃሴ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ታማሚው ሕመሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቢያንስ ለ3 ሳምንታት፣ ከዚያም ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ፣ ከባድ ዕቃ ከማንሣትና እንደ እግር ኳስ ካሉ ስፖርቶች መቆጠብ አለበት። በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ድንገተኛ ብርቱ ሕመም የተሰማው፣ ወይም መተንፈስና መዋጥ ያቃተው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ለበሽታው ክትባት የለም። ይሁንና አብዛኞቹ ሕሙማን በቂ ዕረፍትና ፈሳሽ ሲያገኙ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ድካሙ ግን ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።