አለቃና ሠራተኛ ሲመሰጋገኑ

በሥራ ቦታ መመሰጋገን ከማን ይጀምራል? ሩት 2፥4 ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ባለጠጋው ቦዔዝ ከቤተ ልሔም ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው፤ እነርሱም መልሰው ባረኩት። የጀመረው አለቃው እንደ ነበረ ልብ እንበል።

ነገር ግን ምስጋና የደመወዝ ምትክ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን በአንዳንድ ወረዳዎች የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ ትምህርት መስተጓጎሉ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ብቻውን ጓዳ አይሞላም። ዘዳግም 24፥15 የሠራተኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዛል፤ ያዕቆብ 5፥4ም የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል።

ሠራተኛውም አለቃውን ሊረዳ ይገባል። ርዕሰ መምህሩ በጀት የሚለቅ ሰው አይደለም፤ እርሱም ራሱ ደመወዝ ጠባቂ ነው።

ስለዚህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ በእጃችሁ ያለውን ክፈሉ፤ የሌለውን በግልጽ ንገሩ፤ የደከመውን በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። ሠራተኞችም ስለ እናንተ ለሚሟገት አለቃ ምስጋናና ጸሎት አትንፈጉት። ጌታ ይርዳን።