ሰሞኑን ያየኋቸው አራት ፊልሞች

ሰሞኑን ማታ ማታ የአገራችንን ፊልሞች እያየሁ ነው፤ አንዳንዶቹን ለሁለተኛ ጊዜ። «ምን እንይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ የተሰማኝን እንዳለ ላካፍላችሁ። መጨረሻቸውን አልናገርም፤ ሳትሰጉ አንብቡ።

አንጀቴን የበላው «ላምብ» ነው። ያሬድ ዘለቀ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በሚባለው ክፍል ታይቷል። በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ሲያወሩት ትንሽ ነው። እናቱን በድርቁ ያጣው ኤፍሬም፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይቀራል። ቹኒ የሚለው በጉ ብቻ አብሮት አለ። አጎቱ ሰለሞን ግን በጉ ለመጪው በዓል እንዲታረድ ይወስናል፤ ያውም በራሱ በልጁ እጅ።

ልጁ እርሻ ላይ አይሆንለትም። ጓዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማብሰል ከእናቱ የተማረው ሙያ ነው። አጎቱ ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር ሲያይ ይቆጣል፤ እኛ ግን እናትየዋ በልጁ እጅ ውስጥ እንዳለች እናያለን። ወደ ቤቱ መመለሻ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ያወጣል። እዚህ ላይ ማንም ተነሥቶ «እናቴ ናፈቀችኝ» አይልም። ሊጡ፣ ዘይቱ፣ የገበያው ሰው፣ የልጁ ዓይን፤ በቃ። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ረድኤት አማረ ብዙ አያወራም፤ ሲቆጣም ሲያዝንም ከፊቱ ይነበባል።

ሌላው የወደድኩት አጎትየውን ክፉ ሰው አድርጎ አለማቅረቡ ነው። የሚመግበው አፍ በዝቶበታል፣ ዝናቡ አሳስቦታል፣ ያደገበት ወግም አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጋዜጣ የምታነብ፣ ዘመድ «አግቢ» እያለ የሚወተውታት ጽዮን አለች። ቅድስት ስዩም ተጫውታታለች፤ እሷ ያለችበትን ትዕይንት ሁሉ በጉጉት ነው ያየሁት።

ቀጥዬ ያየሁት «ፋያ ዳዪ» ነው። ልጅነቷን ሐረር ያሳለፈችው ጄሲካ በሽር የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ ጫት ነው። ስለ ጫት የሚወራው ግን እንደለመድነው በቁጥርና በባለሙያ ማብራሪያ አይደለም። ቅጠሉ ከማሳ ሲለቀም፣ በሌሊት ሲመረጥ፣ ሲታሰር፣ ወደ ገበያ ሲጣደፍ ታያላችሁ። ጫት ወዲያው ስለሚጠወልግ ሰዉ ሁሉ ከሰዓት ጋር ይሯሯጣል፤ ማኘክ ሲጀመር ደግሞ ጊዜው ራሱ ይቆማል። ምርቃናን ይህን ያህል ቀርቦ ያሳየኝ ፊልም አላየሁም። ጭሱ፣ ጸሎቱ፣ ዝምታው፣ የሱፊዎቹ ትርክት እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ ፊልሙም አይፈርድም፣ አያሞግስም።

መሐመድ የሚባል ታዳጊ አለ። ባሕር ተሻግሮ መሄድን ያስባል። የእሱን ወሬ ስሰማ ልቤ ተሰበረ። በየሰፈራችን የምናውቀው ልጅ ነው፤ ቤቱ ያለው ጭቅጭቅ አንድ በኩል፣ ተስፋ የሚያደርግበት ሩቅ አገር ሌላ በኩል እየሳበው ይኖራል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ታሪኩም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ደክሟችሁ ከሆነ አትክፈቱት፣ በስልክም አትዩት። ያ ጥቁርና ነጭ ሰፋ ያለ ስክሪን ይፈልጋል።

«ድፍረት»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ በጠለፋ ላይ የተሠራ፣ ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ጠላፊዋን የገደለችው ልጅ ሒሩት በትዝታ ሀገሬ፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ በሜሮን ጌትነት ተጫውተዋል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች የሚከቧት መክፈቻው እስካሁን ያስደነግጠኛል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጉዳዩን የሚያዩበት ትዕይንትም ጥሩ ነው። ወጉ ለእነሱ ለምን እውነት እንደሆነ በራሳቸው አንደበት እንሰማለን፤ ስለዚህ ልጅቱ የቆመችበት ገደል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይገባናል። ቅር ያለኝ ሙዚቃው ነው፤ ማዘን ያለብኝን ቦታ ቀድሞ ይጠቁመኛል። ልጅቱ አልጋ ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ ትበቃኝ ነበር። ቢሆንም ይህን ፊልም ሴት ልጅ ያለው ሁሉ፣ ወንድ ልጅ ያለው ደግሞ ይበልጥ ሊያየው ይገባል እላለሁ።

መጨረሻ ላይ ያየሁት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን አግኝቷል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኡጋዱጉ ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ የደርግን ዘመን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ወንዶቹ ልጆች አፈሳ ሽሽት ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። እሱ ደግሞ ትዝታው እየተቆራረጠ ይመጣበታል።

የጀርመኑ ክፍል ወሬ ይበዛዋል ትሉ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ትውልድ የኖረው በክርክር ነው። ወንድማማቾች በአንድ ቃል ተጣልተው ተገዳድለዋል። እነዚያ ወጣቶች ሲጨቃጨቁ ስሰማ ወሬው ራሱ ወዴት እንደሚወስዳቸው እያየሁ ነበር። ከዚያ ካሜራው ወደ መንደሩ ሲመለስ የአንበርብር እናት ታድፌ አለች። ልጇ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጎዳው አንድ በአንድ የሚያስረዳት የለም። ማበላት፣ መጸለይ፣ ማታ ሲባንን አጠገቡ መገኘት ነው ሥራዋ። ጀርመን ውስጥ ያን ሁሉ ያወራው ልጅ ለእናቱ የሚነግራት ቃል ማጣቱ ነው ፊልሙን ትልቅ የሚያደርገው። በዮርጋ መስፍንና በቪጃይ አየር የተሠራው ሙዚቃም ስሜታችንን አይጎትትም፤ ከአንበርብር የተቆራረጠ ትዝታ ጋር አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይኸው። በአሁኑ ጊዜ በየሳምንቱ የሚወጡት ፊልሞቻችን ላይ ጎበዝ ተዋንያን አሉን፤ ግን ፋታ አይሰጧቸውም። ተዋናይቷ አልቅሳ ሳትጨርስ ለምን እንዳለቀሰች በንግግር ይነገረናል። የስክሪፕት ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ ከየትዕይንቱ ሁለት ሦስት መስመር ቀንሱልን፤ የቀረውን እኛ እንረዳዋለን። የሲኒማ ቤት ባለቤቶችም «ጤዛ»ንና «ላምብ»ን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በትልቁ ስክሪን አሳዩን፤ አሁን ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት እነዚህ ሲወጡ ልጅ ነበር።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፦ «ላምብ»ን ከልጆቻችሁ ጋር፣ «ጤዛ»ን ደግሞ ከወላጆቻችሁ ጋር እዩት፤ ካያችሁ በኋላም ዘመኑን ጠይቋቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው «ሳንኮፋ» የኃይሌና የባለቤቱ የሺሪኪያና አይና የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ነውና ጎራ በሉ።