የነርቭ አሳዳጊዎችና የአካል ሰዓት

በኢትዮጵያ ልማድ ሰዓት የሚቈጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የሰው አካልም አቈጣጠሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ፣ ሃያ ሺህ ያህል ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ። ይህም ክፍል የማለዳውን ብርሃን በዓይን በኩል እየተቀበለ፣ እንቅልፍና የሰውነት ሙቀት ጊዜያቸውን እንዲጠብቁ ያደርጋል። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው የአእምሮ ሕመም በሚሠቃዩ ሰዎች ዘንድ ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይገኛል። ነገሩ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለሚያስታምመው ቤተ ሰብም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ባጭሩ እንገልጸዋለን።

ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም በ1908 ዓ.ም. ያወጡት ስዊሳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሕመምተኛው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ጠላት ሳይኖረው የሚያሳድዱት ይመስለዋል፤ ሐሳቡ ይበታተናል፤ ቀድሞ ይወደው የነበረውን ሥራና ጨዋታ ይተዋል። በዓለም ላይ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃያሉ።

የነርቭ ሕዋሳት በሕይወት የሚቈዩትና እርስ በርሳቸው የሚያያዙት የነርቭ አሳዳጊ በሚባሉ ፕሮቲኖች እርዳታ ነው። የመጀመሪያውን ያገኙት ጣሊያናዊቷ ሊቅ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናቸው። በ1938 ዓ.ም. በኢጣሊያ በአይሁድ ላይ የወጣው የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ቢያስወጣቸው፣ በቶሪኖ ከተማ በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ የዶሮ ዕንቍላል ሽል ይመረምሩ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ በሴንት ልዊስ ከተማ ምርምራቸውን ቀጥለው ነርቭን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር ስላገኙ፣ በ1986 ዓ.ም. ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር ኢቭ አለን ባርድና ሐንስ ቴነን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ሁለተኛውን ከዐሳማ አንጎል ለይተው አወጡ፤ ይኸውም ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለው ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲማር በአንጎሉ ውስጥ ያለው መያያዝ እንዲጠነክር ይረዳል።

በስኪዞፍሬንያ የታመሙ ሰዎች ደም ሲመረመር፣ የዚህ ፕሮቲን መጠን በአማካይ ከጤነኞች ያነሰ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አመልክተዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በጤነኛ ወንዶች ደም ውስጥ ፕሮቲኑ በማለዳ በርክቶ፣ ቀኑ በገፋ ቍጥር ይቀንሳል፤ በሴቶችም ከወር አበባ ጋር ይለዋወጣል። እንግዲህ የአንዱ ደም ከጧቱ በሁለት ሰዓት፣ የሌላው ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ቢቀዳ፣ ልዩነቱ የበሽታው ሳይሆን የሰዓቱ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ሌሊቱን ነቅቶ አድሮ ቀትር ላይ ለሚነሣ በሽተኛ፣ በግድግዳው ሰዓት ጧት የሆነው ለአካሉ ገና እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና የበሽተኛውን የእንቅልፍ ጊዜ አብሮ ካልጻፈ፣ ቍጥሩ ብቻውን ያሳስታል። በደም የተገኘውም መጠን በአንጎል ያለውን በቀጥታ አያሳይም፤ አብዛኛው ደምን በሚያረጉት ጥቃቅን አካላት ተከማችቶ የሚገኝ ነውና።

የእንቅልፉ መዛባት ግን በግልጽ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 20 ሕመምተኞች እንቅስቃሴን የሚመዘግብ መሣሪያ በእጃቸው ላይ አስረው ለስድስት ሳምንት ቈዩ። ሁሉም የእንቅልፍ መዛባት ተገኘባቸው፤ የግማሾቹም ሰዓት ከቀንና ከሌሊት ጋር ክፉኛ ተለያይቶ ነበር። የተነጻጸሩትም ሥራ ከሌላቸው ጤነኞች ጋር ስለ ሆነ፣ ምክንያቱ ሥራ መፍታት ነው ለማለት አይቻልም።

ከዚህ የተነሣ ሌሊት የሚነቃውንና ቀን የሚተኛውን በሽተኛ «ሰነፍ» ብሎ መንቀፍ አይገባም። ይልቁንም በየዕለቱ በአንድ ሰዓት እንዲነሣ፣ የጧት ፀሐይ እንዲያገኝ፣ ማታ ደማቅ መብራት እንዲቀነስለት፣ ከቀትር በኋላም ቡና እንዲተው በርኅራኄ መርዳት ይሻላል። ይህ ግን መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒቱ ቀን የሚያስተኛው ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር እንጂ በገዛ ፈቃድ አይቋረጥ። ይህን ፕሮቲን በደም በመለካት ብቻም ሕመሙን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ደሙን የሚመረምረው ሊቅም ሆነ በቤት የሚያስታምመው ዘመድ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ ሰው መቼ ተኛ፣ መቼስ ተነሣ የሚለው ነው። የሳምንቱን መልስ በወረቀት ጽፎ ወደ ሐኪም ዘንድ ይዞ መሄድ ብዙ ድካም የለውም፤ ለሕክምናው ግን ታላቅ እርዳታ ነው።