የመስጂድ ሕንጻ እንደ ሰነድ፦ የሥነ ሕንጻ የማስተርስ ጥናትና የኢማሞች ድርሻ

የሥነ ሕንጻ ትምህርት ሲባል በብዙዎቻችን ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የቤት ንድፍ ማውጣት ነው። ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ይህ ግምት ብዙም አይሳሳትም፤ ተማሪው በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ መንደፍን፣ የቁሳቁስን ጠባይና የግንባታን ሥርዓት ይማራል። የማስተርስ ዲግሪው ግን ዓላማው ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት በሚፈጀው በዚህ ደረጃ ተማሪው አንድ ጥያቄ ይመርጣል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ የጻፈውንም በመርማሪ መምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል። በመድረሳ ላለፈ ሰው ልዩነቱ እንግዳ አይሆንበትም፤ አንድን ኪታብ ከሸይኽ ዘንድ ቀርቶ መጨረስና በአንዲት መስአላ ላይ ተሕቂቅ ማድረግ፣ ማለትም ማስረጃዎቿን መርምሮ ማጣራት፣ አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ ኢማሞችንና መምህራንን የሚመለከተው፣ ከዚህ ጥናት ዘርፎች አንዱ የሆነው የቅርስ ጥበቃ ጥናት ተማሪውን ወደ መስጂድ በር ስለሚያመጣው ነው። ሜትርና ካሜራ የያዘ ወጣት ከዙህር ሶላት በኋላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥናቱ መኖሩና አለመኖሩም በአንድ ኢማም ወይም በአንድ የመስጂድ ኮሚቴ መልስ ላይ ያርፋል። ጥርጣሬ ቢያድር አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ወጣቱ የሚሠራው ሥራ ለቀደምቶቻችን እንግዳ እንዳልነበረ ማሳየት እንወዳለን።

ኢማም ቡኻሪ ከዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የዘገቡት የመዲናው መስጂድ ሐዲስ በመካከላችን የታወቀ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው የተምር ዘንባባ፣ ምሰሶዎቹም የተምር ግንድ ነበሩ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ምንም አልጨመሩበትም፤ ዑመር (ረ.ዐ.) አሰፉት፣ ነገር ግን በዚያው በቀድሞው ቁሳቁስ ሠሩት፤ ዑስማን (ረ.ዐ.) ደግሞ ግድግዳውንና ምሰሶውን በተጠረበ ድንጋይ፣ ጣሪያውን በሳጅ እንጨት ለወጡት። ይህን ሐዲስ ስለ መስጂድ ማስጌጥ ሲነሣ ደጋግመን እንጠቅሰዋለን። አሠራሩን ግን ልብ እንበል፤ ዘጋቢው ግድግዳን፣ ጣሪያንና ምሰሶን ለያይቶ፣ የእያንዳንዱን ቁሳቁስ ጠቅሶ፣ ማን በየትኛው ዘመን ምን እንደለወጠና ምን እንዳልለወጠ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የዛሬው ተመራማሪ የአንድን ሕንጻ የግንባታ ዘመናት ሲለይ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም። የመጀመሪያው ሕንጻ ከፈረሰ ከአሥራ ሦስት ምእተ ዓመታት በላይ አልፎታል፤ መልኩን የምናውቀው በትክክል የዘገቡት ስለነበሩ ነው።

የማፍረስና የማቆየት ክርክርም የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ዑስማን መስጂዱን እንደገና ሊሠሩ ሲነሡ፣ በቀድሞው መልኩ እንዲቆይ የወደዱ ሰዎች እንደነበሩ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ትእዛዝ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች ክፍሎች ፈርሰው ወደ መስጂዱ ሲጠቃለሉ ደግሞ፣ ታላቁ ታቢዒይ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ክፍሎቹ ባይነኩ እንደሚወዱ መናገራቸውን ኢብኑ ሰዕድ ጽፈዋል። ምክንያታቸውም የመዲና ልጆችና ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ነቢዩ በሕይወታቸው በምን ተብቃቅተው እንደኖሩ በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር። በዚያው ኪታብ ውስጥ የበሩን መጋረጃ ለክቶ ርዝመቱን በክንድ የተናገረ ሰው እንኳ እናገኛለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሚጠና ነገር አላጣንም። ሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጂዶች እንዳሉት ተጠቅሷል፤ ከእነዚህም ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ተጽፏል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ አርኪዮሎጂስቶች የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ ፍርስራሽ ማግኘታቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በሐርላ ማስረጃው የተገኘው በቁፋሮ ነው፤ በሐረር ግን ተማሪው ግድግዳውን ከመለካቱም በላይ፣ በዚያው መስጂድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰገደን አባት መጠየቅ ይችላል። ሕንጻው ሳይመዘገብ ከፈረሰ፣ እኒያም አባት ካለፉ፣ ቁፋሮም ቢሆን የማይመልሰው ዕውቀት ይጠፋል።

ተማሪው በተግባር ምን ያደርጋል? የድሮ ግድግዳ ማእዘኑ ቀጥ ያለ ስለማይሆን ጎኖቹን ብቻ ሳይሆን ከማእዘን ማእዘን ያለውንም ርቀት ይለካል። ሁለት ግንቦች ሳይጠላለፉ የተገናኙበትን ስፍራ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አንደኛው ኋላ የተጨመረ መሆኑን ያመለክታልና። የእንጨቱን ዓይነት፣ የልስኑን ንብርብር፣ የሚህራቡን አቅጣጫ ይመዘግባል። መስጂዱ መቼ እንደተሠራ ከሽማግሌ የሰማውን ቃልም ማን እንደነገረው ጠቅሶ በወሬነቱ ያስቀምጣል እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አድርጎ አይጽፍም። ከኢስናድ ሥርዓት ጋር ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሰነዱ ያልታወቀን የምሥረታ ዘመን በየመጽሔቱ ያሰራጨነው እኛው ነን።

አንድ ነገር በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ተማሪው የአንድ ጥንታዊ ሚህራብ አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ዘንበል ማለቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም በጀመዓው መካከል ሁከት እንዳያስነሣ ያሰጋል። ከመካ ርቆ ላለ ሰጋጅ ግዴታው ወደ ከዕባ አካል ነው ወይስ ወደ አቅጣጫዋ በሚለው ላይ ፉቀሃእ በሰፊው ተወያይተዋል። ልኬቱን መመዝገብ የተማሪው፣ ብይኑ የዑለማ ነው፤ ሁለቱን ቀድሞ መለየት ኢማሙን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል።

ጥናቱ ለመስጂዱ የሚመልሰው ጥቅምም አለ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ እርጥበትን እየሳበ እየለቀቀ ይኖራል። በቅን ልቦና በሲሚንቶ ሲለሰን ውኃው መውጫ ያጣል፤ በውስጥ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ልስኑም ትንሽ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ጀመዓው ግንቡ አርጅቷል ብሎ ወደ ማፍረስ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ በሽታው ግን እድሳቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በኖራ ወይም በቀድሞው የጭቃ ልስን መጠገን ወጪውም ሊያንስ ይችላል፤ የትኛው እንደሚስማማ የሚታወቀው ግን ግድግዳው ሲመረመር ነው።

መስጂድ ሙዚየም ይሁን ማለታችን አይደለም። ሰጋጁ ከበዛ ቦታ ሊሰፋለት ይገባል፤ ዑመርም ዑስማንም አስፍተዋል። የእኛ አቋም፣ ቦታው ከፈቀደ አዲሱ ከአሮጌው ጎን እንዲሠራ፣ ማፍረስ የማይቀር ከሆነም ሕንጻው አስቀድሞ ተለክቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲመዘገብ ነው። ሥራው ለአንድ መለስተኛ መስጂድ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

ፈቃድ የሚሰጥ ኢማም ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ መብቱ ነው። ልኬቱ ከሶላት ወቅት ውጪ ይሁን፤ ሰጋጆች ሳይፈቅዱ ፎቶግራፍ አይነሡ፤ የሴቶቹ ክፍል በሴት ተማሪ ወይም ባዶ በሆነበት ሰዓት ይለካ። የወቅፉ ሰነድ ካለ ዋናው ከመስጂዱ አይውጣ፣ ቅጂውን እዚያው ያንብብ። ኢማሙም በበኩሉ ተማሪው ሊያውቀው የማይችለውን ይንገረው፤ ወቅፉን ማን በምን ቅድመ ሁኔታ እንዳደረገ፣ የትኛው ጥግ ሐሪማ እንደነበረና ደረሶች የት ያድሩ እንደነበር፣ የውዱእ ውኃ ከየት ይመጣ እንደነበር። ጥናቱ ሲጠናቀቅ የንድፎቹ አንድ ቅጂና የአማርኛ ማጠቃለያው ለመስጂዱ እንዲሰጥ በጽሑፍ መስማማት ይገባል። ቀንና የለኪው ስም ያለበት ያ ንድፍ ከወቅፉ ሰነድ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ጣሪያው ሲጠገን ወይም በአጥሩ ወሰን ላይ ከጎረቤት ጋር ክርክር ሲነሣ ተፈልጎ የሚወጣው እሱ ነው።